ደም ማነስ ወይስ የደጋ ሰው ደም? አምባራስ ለሕክምናው ያበረከተችው ትምህርት

አንድ ቀን ከሰሜን ተራሮች ደጋማ ቀበሌዎች የመጡ እናት የላቦራቶሪ ወረቀታቸውን ይዘው ፊቴ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ደምሽ አነሰ ብለው ክኒን ከሰጡኝ መንፈቅ ሊሆነኝ ነው። ሆዴን ከማድረቅ በቀር የፈየደልኝ የለም። ደሞስ ደሜ አንሶ ቢሆን ጀሪካን አዝዬ ያን ዳገት እወጣው ነበር?» አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁት። የሄሞግሎቢን መጠናቸው 14.2 ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ሆኖ ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ መላ አካላት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ነፍሰ ጡር ያልሆነች አዋቂ ሴት ደም ማነስ አለባት የሚባለው ከ12፣ ወንድ ደግሞ ከ13 ሲያንስ ነው። ታዲያ 14.2 እንዴት ደም ማነስ ተባለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በ3500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ሄሞግሎቢን ያበዛል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በከፍታ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች መመዘኛው ከፍ ይደረጋል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ሠንጠረዥ በ3500 ሜትር ላይ የሚጨመረው 2.7 ነበር። በዚህ ስሌት የሴቷ መመዘኛ 14.7፣ የወንዱ 15.7 ይሆናል። እናታችንም «የደም ማነስ ታማሚ» የሆኑት በዚህ ስሌት ነው።

ይሁን እንጂ የእኛ ደገኞች ደም በእርግጥ እንደዚያ ይበዛል? መልሱ የተገኘው እዚያው ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ አምባራስ ላይ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ሆኖ ተገኘ። በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ደግሞ በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። ሁለቱም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙ የማይርቁ ናቸው።

ይህ ለዓለም ሳይንስ ትልቅ ዜና ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ኦክስጅን ዝቅ ይላል፤ ሄሞግሎቢናቸው ግን በጣም ይበዛል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው አይበዛም፤ ኦክስጅናቸው ግን ያንሳል። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም የተለዩ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ የዘረመል ጥናቶችም የእኛ ደገኞች ከፍታውን የተላመዱበት መንገድ ከቲቤታውያኑ የተለየ መሆኑን አመላክተዋል። የመላመዱ ምስጢር ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ ስንመለስ፣ የአምባራስ ሴቶች አማካይ 15.0 ከሆነና መመዘኛው 14.7 ከተደረገ፣ ከአማካዩ ጥቂት ዝቅ ያለች ጤነኛ ሴት ሁሉ «ታማሚ» ልትባል ነው። ሠንጠረዡ በዋናነት የተመሠረተው ከኢትዮጵያ ውጭ ባሉ ሕዝቦች ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያውን አሻሽሏል፤ የከፍታ ማስተካከያው ግን አሁንም አለ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መወሰን አይበቃም። ለእኚያ እናት የሰውነት የአይረን ክምችትን የሚያሳየውን የፌሪቲን ምርመራ አዘዝኩላቸው፤ ክምችታቸው በቂ ሆኖ ስለተገኘ ክኒኑ ቆመ።

ሰውነት የኦክስጅንን እጥረት የሚያውቅበት መንገድ ከተራራ ነዋሪዎች አልፎ የብዙ በሽታዎች ቁልፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. የ2019 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለዊልያም ኬሊን፣ ለፒተር ራትክሊፍና ለግሬግ ሴመንዛ የተሰጠው ይህን መንገድ በማወቃቸው ነው። ኦክስጅን ሲያንስ በሴሎች ውስጥ የሚከማች አንድ ፕሮቲን አለ። እሱም ኩላሊት ደም እንዲመረት የሚያዝዘውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉም ያዛል።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህን ሆርሞን በበቂ ስለማያመነጭ ደም ያንሰዋል። ለዚህ ሕመም ከመርፌ ሌላ በአፍ የሚወሰድ፣ ያንኑ ፕሮቲን የሚያነቃቃ ሮክሳዱስታት የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ተፈቅዷል። ካንሰር ደግሞ በተቃራኒው ይህን መንገድ ለራሱ ይጠቀምበታል። እብጠቱ በፍጥነት ሲያድግ ውስጡ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ያኔ የደም ሥር ጠርቶ ይመገባል። ይህን የሚገታው ቤልዙቲፋን እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን፣ በቅድሚያ የተፈቀደውም በዘር በሚተላለፍ አንድ በሽታ ምክንያት ለሚመጡ የኩላሊትና ሌሎች እብጠቶች ነው። የአምባራስ ደገኛ፣ የኩላሊት ሕመምተኛውና የካንሰር ታማሚው በአንድ ጥያቄ ይገናኛሉ፤ እሱም ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ሁሉ ለእርስዎ የሚጠቅመው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ «ደም ማነስ አለብዎት» ሲባሉ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ወረቀቱንም ያስቀምጡ። የተወለዱበትንና የሚኖሩበትን ቦታ ለሐኪሙ ይንገሩ። ደባርቅ፣ ዳባትና አምባራስ ከፍታቸው እንደማይመሳሰል ያስታውሱ።

ሁለተኛ፣ ይህን አንብበው የታዘዘልዎትን ክኒን በራስዎ አያቁሙ። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች በእርግዝና ክትትል የሚሰጣቸውን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል መውሰድ አለባቸው። ቁጥሩ በእርግጥም ዝቅ ካለ ምክንያቱ ይፈለግ። የአንጀት ትላትል፣ የወር አበባ መብዛት፣ የጨጓራ መድማት ወይም የኩላሊት ሕመም ከበስተጀርባው ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩ በጣም ከፍ ካለም «ደጋ ስለምኖር ነው» ብለው አይለፉት። የአምባራስ ጥናት እንደሚያሳየው ከፍታ ብቻውን የእኛን ሰው ደም ያን ያህል አያበዛም። ትንባሆ፣ የማእድ ቤት ጭስ ያደከመው ሳንባ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። የበዛ ደም ይወፍራል፤ የወፈረ ደም ደግሞ ይረጋል፤ ልብንም ያደክማል።

አራተኛ፣ የሚያስል ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ከ90 በታች ካሳየ፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ «የደጋ ነገር ነው» ብሎ ማዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። በፍጥነት ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ያቺ እናት ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲመለሱ ሆዳቸው ተሽሏቸዋል። «ዳገቱስ እማማ?» ስላቸው «ዳገቱማ ያው ነው፤ እኔም ያው ነኝ» አሉኝ። የላቦራቶሪ ቁጥር ጠቃሚ ነው፤ ትርጉም የሚያገኘው ግን ከሰውየውና ከሚኖርበት አገር ጋር አብሮ ሲነበብ ነው።