ቤታ ብሎከርና ማሸኛ በአንድ ኪኒን

ለደም ግፊት ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን ማዘዝ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ክርክሩ የትኛው ከየትኛው ይጣመር የሚለው ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች እጃቸው ቶሎ የሚሄደው ወደ ቤታ ብሎከርና ወደሚያሸናው መድኃኒት ነበር።

ሁለቱ የመጡት በተቀራራቢ ጊዜ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታያዛይድ የሚባሉት ማሸኛዎች በ1958 በክሎሮታያዛይድ ጀመሩ። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን ቤታ ብሎከር የሠራው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ደግሞ ያሰበው ለግፊት ሳይሆን ከልብ ለሚነሣ የደረት ውጋት ነበር። ግፊትንም እንደሚያወርድ በ1964 ለንደን ውስጥ ያሳየው ብራያን ፕሪቻርድ ነው። ብላክ በ1988 ኖቤል ተሸለመ።

ጥምረቱ ብልሃት አለው። ማሸኛው ጨውና ውኃ በሽንት ሲያስወጣ ኩላሊት ደም ያነሰው ይመስለውና ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ሬኒን ደግሞ የወረደውን ግፊት መልሶ ሊሰቅል ይታገላል። ቤታ ብሎከር ይህን የሬኒን ምንጭ ያዳክማል። አንዱ ሌላውን ስለሚያግዝ የእያንዳንዱን መጠን መቀነስ ይቻላል። በ1993 አሜሪካ ውስጥ በተፈቀደው የቢሶፕሮሎል (ቤታ ብሎከር) እና የሃይድሮክሎሮታያዛይድ (ማሸኛ) ኪኒን ውስጥ ማሸኛው 6.25 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ድሮ 25 ወይም 50 ሲታዘዝ ላየ ሰው ፍርፋሪ ነው።

ታዲያ ጥምረቱ ለምን ተገፋ? በ2005 የወጣው አስኮት የተባለ ጥናት ከ19,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። አቴኖሎል በተባለ ቤታ ብሎከር ጀምረው፣ ሲያስፈልግ ታያዛይድ የተጨመረላቸው አምሎዲፒን በተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ጀምረው ፔሪንዶፕሪል የተባለው ከተጨመረላቸው ይልቅ ስትሮክም አዲስ የስኳር በሽታም በዛባቸው። ብሪታንያ በ2006 ቤታ ብሎከርን ከመጀመሪያ ምርጫ አወጣችው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 መመሪያው ታያዛይድን ከመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች ጋር ሲያስቀምጥ ቤታ ብሎከርን አልጨመረም። የአውሮፓ የደም ግፊት ማኅበር ግን በ2023 ከአምስቱ ዋና ምድቦች ጋር መለሰው።

እንደ እኔ አስተያየት፣ የመመሪያዎቹ ጭቅጭቅ በሽተኛው ሲታይ ግማሹ ይቀልላል። ግፊት ኖሮበት ልቡ የሚፈጥንበት፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶበት የተረፈ ሰው ቤታ ብሎከሩ ለልቡም ይፈለጋል፤ ማሸኛ ማከል ለእርሱ ተገቢ ነው። ወደ ስኳር በሽታ ያዘነበለ ሰው ግን ሌላ ጥምረት ይሻለዋል። ሪህ ያለበትን ማሸኛው ይቀሰቅስበታል፤ ፖታሲየምና ሶዲየምም በላብራቶሪ መታየት አለባቸው።

ኪኒን መዋዋስ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። «እኔን ያስተካከለኝ ይኸው ነው፤ እስቲ ሞክሪው» ብላ ለጎረቤቷ የምታካፍል ሴት ደግ ናት፤ ጎረቤቷ አስም ካለባት ግን ቤታ ብሎከሩ ትንፋሽ ሊያሳጥራት ይችላል። ሰጪዋም የራሷ ኪኒን ሲያልቅባት ድንገት ማቋረጧ ልቧን ያስደነግጠዋል። ኪኒኑን የተዋሰው ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከሆነ ደግሞ፣ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀው መንቀጥቀጥና የልብ መምታት ሊደበዝዝበት ይችላል፤ ላቡ ግን አይቀርም፤ እሱን ማየት አለበት።