ለስፌት የሚሆን ካውያ እንዴት እንምረጥ?

«ተኮሰ» የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሥራ አለው። ጠመንጃ ይተኮሳል፤ ሸሚዝም ይተኮሳል። «ትኩስ ዳቦ» ስንል፣ የታመመ ልጅ «ትኩሳት አለው» ስንልም ከዚሁ ቃል ነው። በሁሉም ውስጥ እሳት ወይም ሙቀት አለ። ልብስ የምንተኩስበት ዕቃ ደግሞ ካውያ ይባላል።

ዛሬ ስለ ካውያ ላወራችሁ የፈለግሁት አዲስ የስፌት ሥራ ስለጀመርኩ ነው። አያቴ ካረፉ በኋላ እናቴ ሦስት ነጠላዎችና ሁለት የሀበሻ ቀሚሶች ሰጠችኝ። ልብሶቹ አርጅተዋል፤ አንዳንድ ቦታ ተቀድደዋል፤ ሊለበሱ አይችሉም። የልጅ ልጆቹ ግን ሁላችንም ከአያታችን ልብስ አንድ ነገር እንዲኖረን ፈለግን።

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ አገር ኩዊልት የሚባል የታወቀ የስፌት ሥራ አለ። ብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ ይሰፋል፤ ከሥሩ ስስ ጥጥና ሌላ ጨርቅ ይደረግና የአልጋ ልብስ ይሆናል። ስለዚህ ከአያቴ ልብስ ኩዊልት ልሠራ ወሰንኩ። መቀሱም የስፌት መኪናውም ነበረኝ። ያላሰብኩበት ካውያውን ነበር። የገዛነው ጨርቅ ቢቃጠል ሌላ እንገዛለን። የአያቴ ነጠላ ቢቃጠል ግን ሌላ የለም።

መተኮስና መጫን

ሸሚዝ ስንተኩስ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እንገፋለን። ስፌት ላይ ግን እንዲህ አይደረግም። ካውያውን እናስቀምጣለን፣ ጥቂት ሰከንድ እንጫናለን፣ ከዚያ አንስተን ወደሚቀጥለው ቦታ እንሄዳለን። ከገፋነው ጨርቁ ይለጠጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይለጠጣል።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? እንቁጠር። 12 ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተዋል እንበል። እያንዳንዱ ቁራጭ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለጠጥ፣ ሁሉም ሲገጣጠሙ ልዩነቱ 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ አንዱ ረድፍ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

ለስፌት የሚሆን ካውያ እንግዲህ በደንብ የሚጫን ካውያ ነው። ስትመርጡ ይህን አትርሱ።

ክብደቱና የታችኛው ብረት

እናቴ ልጅ እያለች ቤታቸው የከሰል ካውያ ነበር። ሆዱ ይከፈትና ፍም ይጨመርበታል። ሲተኩሱበት አመድ እንዳይረግፍ መጠንቀቅ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ከባድ ስለነበር የሚጫነው ብረቱ ራሱ ነው፤ የሰው እጅ ብዙ አይደክምም።

የዛሬ ካውያዎች ቀላል ናቸው። ቀላል ካውያ ለሸሚዝ ጥሩ ነው። ለስፌት ግን ትንሽ ከበድ ያለ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት ወደ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። ትከሻችሁን ወይም የእጃችሁን አንጓ የሚያማችሁ ከሆነ ግን ቀለል ያለውን ውሰዱ። በየደቂቃው የምታነሱት ዕቃ ነውና።

ቀጥሎ ካውያውን ገልብጣችሁ ታችኛውን ብረት እዩ። የእንፋሎት ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳው ባለበት ቦታ ብረቱ ጨርቁን አይነካም። ስለዚህ ቀዳዳው ጥቂት፣ ብረቱም ለስላሳ ቢሆን ጥሩ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ እኔ ከመቁረጤ በፊት ከጀርባው በሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ አደርግለታለሁ። ሙቀቱ እኩል ካልደረሰ አንዱ ቦታ ይጣበቃል፣ ሌላው ይላቀቃል።

ቴፍሎን የተቀባ ብረት በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ግን መርፌና ዚፕ ይጭረዋል። የማይዝግ ብረት ጭረትን የበለጠ ይችላል። ጫፉም ሹል ይሁን፤ ጠባብ ስፌት ውስጥ የሚገባው ጫፉ ነው።

ነጠብጣቦቹ ምን ይላሉ?

ካውያ ላይ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። እነዚህ ነጠብጣቦች በልብስ ላይ ከተሰፋው ትንሽ ምልክት ጋር አንድ ናቸው። በምልክቱ መሠረት ከፍተኛው ሙቀት እንዲህ ነው፦

- አንድ ነጠብጣብ፦ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ፤ ለናይሎንና ለአክሪሊክ
- ሁለት ነጠብጣብ፦ 150 ዲግሪ፤ ለሱፍና ለፖሊስተር
- ሦስት ነጠብጣብ፦ 200 ዲግሪ፤ ለጥጥና ለተልባ እግር

የሀበሻ ቀሚስ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ጨርቁ ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ ጥለቱ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ክር ግን ጥጥ ላይሆን ይችላል። ጥጡ የሚችለውን ሙቀት ክሩ ላይችለው ይችላል። ስለዚህ የሙቀቱ ማዞሪያ በግልጽ የሚነበብና በትንሽ በትንሹ የሚስተካከል ካውያ ምረጡ። ጥለቱን ስትጫኑ ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል፣ ላዩ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሩ።

እንፋሎት

እንፋሎት የጨረመተ ጥጥ ያስተካክላል። ነገር ግን እርጥብ ጨርቅ በቀላሉ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ እንፋሎቱ ሊጠፋ የሚችል ካውያ ግዙ። እኔ ቁራጮቹን የምጫነው በደረቁ ነው። ውኃ ሲያስፈልገኝ ከጠርሙስ ትንሽ እረጫለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሙቀቱ ዝቅ ብሎ እንፋሎቱ ከተከፈተ ውኃው በደንብ ሳይፈላ ይንጠባጠባል። ካውያው ውስጥ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ ነጭ ነጠላ ላይ ቡናማ ነጥብ ይቀራል። ሥራ ስትጨርሱ ውኃውን ድፉት። ምን ዓይነት ውኃ እንደሚጨመርበት ከካውያው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አንብቡ።

በራሱ የሚጠፋ ካውያ

ብዙ ካውያዎች ሳይነኩ ከቆዩ በራሳቸው ይጠፋሉ። ይህ ስፌት የሚሰፋ ሰው ያናድደዋል። መኪናው ላይ አሥር ደቂቃ ሰፍታችሁ ስትመለሱ ካውያው ቀዝቅዟል። አንዳንድ ሰፊዎች በዚህ ምክንያት የማይጠፋውን ይመርጣሉ። እኔ ቤት ግን ትንንሽ ልጆች አሉ። ስለዚህ የሚጠፋውን ገዛሁ፤ እስኪሞቅም እጠብቃለሁ። ገመዱንም ልጅ ሊስበው በማይችልበት በኩል አደርጋለሁ።

ወደ አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት

ለአክስት ወይም ለእህት ካውያ ገዝቶ መላክ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ግን ቮልቱን እዩ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት የተሠራ ካውያ አዲስ አበባ ላይ ቢሰካ ከተሠራለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይስባል፤ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። አውሮፓ ኤሌክትሪኩ 230 ቮልት ነው። እዚያ የምትኖሩ በቮልቱ በኩል ችግር የለባችሁም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ቮልቱን ካውያው ላይ አንብቡ፤ የሶኬቱንም ዓይነት ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ቀን

አዲሱን ካውያ በቀጥታ በምትወዱት ጨርቅ ላይ አታድርጉት። መጀመሪያ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ላይ አሙቁትና እንፋሎቱን ክፈቱት፤ ውስጡ ያለው ቆሻሻ ይውጣ። ከዚያ ከልብሱ የውስጥ እጥፋት ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ ሞክሩበት። ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ካልተኮማተረ፣ ክሩም ካልቀለጠ ሙቀቱን በወረቀት ላይ ጻፉት።

እኔ ለነጠላው አንድ፣ ለጥለቱ ሌላ ሙቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌአለሁ። እስካሁን 40 ቁራጮች ተጭነው ተደርድረዋል። የቀሩት በጥለቱ በኩል ያሉት ናቸው። እነሱን የምሠራው ቀን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ቀስ ብዬ ነው።