ስሙ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት፦ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቡላዋዮ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ ፍለጋ የሄደ ሰው ሸማኔውን «ዶርዜ»፣ ቋንቋውንም «ዶርዝኛ» ብሎ ያልፋል። ሸማኔው ግን እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን በድሩ መሀል እያሾለከ ከጎረቤቱ ጋር የሚጨዋወተው በአብዛኛው በጋሞኛ ነው። ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ አጠገብ የሚገኝ የጋሞ ደጋ አገር ነው፤ አነጋገሩንም ብዙ የቋንቋ ምሁራን የጋሞኛ ዘዬ አድርገው ይቆጥሩታል። ከዶኮም ሆነ ከሌላው የጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ አዲስ አበባ ሲገባ በዚሁ ስም ተጠራ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ግን ጋሞ ተብለው የተመዘገቡት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ዶርዜ የተባሉት ወደ 29 ሺህ ብቻ ነበሩ።

የሕዝብ ስምና የቋንቋ ድንበር አለመገጣጠሙ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በደቡባዊ አፍሪካ ንዴቤሌ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች አሉ። የደቡቦቹ ዛሬ ደቡብ አፍሪካ በምትባለው አገር ለዘመናት የኖሩ ናቸው፤ የቤታቸውን ግድግዳ በደማቅ ቀለማት የሚያስጌጡት ሴቶቻቸው በዓለም ታውቀዋል። የሰሜኖቹ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የንጉሥ ሻካ ዙሉ የጦር አለቃ የነበረው ምዚሊካዚ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ከጌታው ተጣልቶ ተከታዮቹን ይዞ ሸሸ፤ በመጨረሻም ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር፣ ቡላዋዮ አካባቢ ሰፈረ።

ሁለቱም ቋንቋዎች የባንቱ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ምላስን ከላንቃ በማላቀቅ የሚፈጠሩ፣ ከኮይሳን ሕዝቦች የተወረሱ የምላስ ጠቅታዎችም አሏቸው። ያም ሆኖ የሰሜኑ ለዙሉ እጅግ የቀረበ ሲሆን፣ የደቡቡ ከሶቶና ከፔዲ ጎረቤቶቹ ብዙ ወስዷል። ልዩነቱ ምስጋና ላይ ሳይቀር ይሰማል፦ የቡላዋዮ ሰው «ንጊያቦንጋ» ሲል፣ የደቡቡ «ንጊያቶኮዛ» ይላል። «ንጊ» እኔ ማለት ነው፣ «ያ» የአሁን ጊዜ ምልክት፤ ሰዋስዉ አንድ ሆኖ የግሱ ሥር ተለያየ።

የቋንቋ ባለሙያዎች ቅርበትን የሚለኩባቸው ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው እንደ ዓይን፣ ውሃ፣ እሳት ያሉ መሠረታዊ ቃላትን ደርድሮ የጋራ የሆኑትን መቁጠር ነው። ሁለተኛው በአንዱ ቋንቋ የተቀዳ ታሪክ ለሌላው ተናጋሪ አሰምቶ ምን ያህል እንደገባው መጠየቅ ነው። ኦሜቶ በሚባለው የኦሞአዊ ቋንቋዎች ቡድን ውስጥ ያሉት ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ወላይትኛ በመጀመሪያው መለኪያ በጣም ይቀራረባሉ፤ ከአሥር መሠረታዊ ቃላት ስምንት ያህሉን ይጋራሉ። ንዴቤሌዎች አንድ ስም ለሁለት ቋንቋ ሲጋሩ፣ እነዚህ ደግሞ ለተቀራራቢ ቋንቋዎች የተለያየ ስም ይዘዋል።

መለኪያው ብቻውን ሲታመን ምን እንደሚከተል በ1992 ዓ.ም. ታይቷል። በያኔው ሰሜን ኦሞ ዞን ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውርኛን በማቀላቀል «ወጋጎዳ» የሚባል የትምህርት ቋንቋ ተዘጋጅቶ መጻሕፍቱ ለተማሪዎች ታደሉ። ወላይታ ውስጥ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፣ ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ። የቃላቱ ቅርበት እውነት ነበር፤ ሆኖም ማንም አፉን በዚያ ቅልቅል አልፈታም፣ ሕዝቡም ልጄን በእሱ አስተምሩልኝ አላለም።

ዛሬ ጋሞኛና ወላይትኛ በየፊናቸው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣሉ። የደቡብ ንዴቤሌ ቋንቋም በደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት፣ ከዙሉ ጎን ለጎን፣ በራሱ ስም ከሰፈሩት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የቃላት ቆጠራ ሁለት አነጋገሮች ምን ያህል እንደሚዛመዱ ይነግረናል፤ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ፍርድ የሚሰጡት ግን ተናጋሪዎቹ ናቸው። የመማሪያ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት መጠየቅ ያለባቸውም እነሱ ናቸው።