አሮጌ ላፕቶፕ፣ አዲስ ዲስክ፦ ፋይሎቻችን እንዳይቀሩብን

በልትስቪልና አካባቢው ካለን ተማሪዎች ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ላፕቶፕ ከታላቅ ወንድም ወይም ከአክስት የተወረሰ ነው። ተከፍቶ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። አዲስ ከመግዛት በፊት ግን ውስጡ ያለውን ዲስክ ማየት ይበጃል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ በዚያው የሳታ መሰኪያ የሚገባ ኤስኤስዲ ግን እስከ 550 ይደርሳል። ትናንሽ ፋይሎችን በማፈላለግ በኩል ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል፤ የሚሽከረከር ነገር የለውምና።

መጀመሪያ የማሽኑን ሞዴል ከሥሩ አንብባችሁ ምን እንደሚቀበል አረጋግጡ፤ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው ወይስ ማስቲካ የሚያክለው ኤም.2? ኤም.2 ራሱ የሳታና የኤንቪኤምኢ ተብሎ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቢመሳሰሉም አንዱ በሌላው ቦታ ላይሠራ ይችላል። በአዳዲሶቹ ማክቡኮች ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አትድከሙ። መኪና ያለው ሮክቪል ማይክሮ ሴንተር ሄዶ ዕቃውን በእጁ ይዞ ቢገዛ ይሻለዋል። ዲስኩን ከዩኤስቢ የሚያገናኘውን ገመድም አብራችሁ ግዙ።

የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ለመውሰድ ክሎንዚላ ነጻ ነው። ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጻፉ። 300 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢሄድ 50 ደቂቃ ነው፤ በተግባር ከዚያ ይረዝማል። ምንጩንና መድረሻውን ሁለት ጊዜ ተመልከቱ፤ ከተገላበጠ ባዶው ዲስክ ሙሉውን ያጠፋዋል። አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከጀመረ ደግሞ ግልባጩ ይቆይ፤ በጣም የሚያስፈልጋችሁን ፋይል በቅድሚያ አውጡ።

ሌላው መንገድ ዊንዶውስን ከባዶ ጭኖ ፋይል ብቻ መገልበጥ ነው። ንጹሕ አሠራር ነው፤ እኛን ሐበሾቹን ግን የሚጎዳ አንድ ጉድ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጥርቅም ይሆናል። የአባት ማስታወሻ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የቆየ የጋብቻ ጥሪ እንዲህ ሆኖ ሲገኝ ፋይሉ የተበላሸ ይመስላል፤ አልተበላሸም፣ ፎንቱ ቀርቶ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደር አብራችሁ ቅዱ። ጊዜ ካላችሁ እነዚያን ሰነዶች ፒዲኤፍ አድርጓቸው፤ ፎንቱ ከሰነዱ ጋር ታሽጎ ይሄዳል።

መግጠሙ ቀላል ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ክዳኑን ክፈቱ፣ የባትሪውን መሰኪያ አላቁ፣ ከዚያ ዲስኩን ቀይሩ። አዲሱ ዲስክ ሰፊ ሆኖ ሳለ ዊንዶውስ የድሮውን መጠን ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ትርፉ ቦታ ገና አልተመደበም፣ ከዲስክ ማኔጅመንት ይሰፋል።

አሮጌውን ዲስክ ሁለት ሳምንት ሳትነኩ አስቀምጡ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ፈጣን ፎርማት አይበቃም፤ እሱ የሚያጠፋው ማውጫውን እንጂ ይዘቱን አይደለም። አይ-20 ቅጻችሁ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁና የታክስ ወረቀታችሁ እዚያው አሉ። ፈጣን የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉውን ፎርማት አድርጉ፤ ሰዓታት ቢወስድም ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል።