ወስፌውን ለልጆቹም ስጧቸው

ረመዷን ተፈጽሞ ዒድ ቢያልፍም ሐረር በዓሏን ገና አልጨረሰችም። የሸዋልን ስድስት ቀናት የጾሙ እናቶችና አባቶች ጾማቸውን ሲያጠናቅቁ፣ በወሩ በስምንተኛው ቀን ሸዋሊድ ይከበራል። በከበሮ የታጀበው ዚክር ሌሊቱን ይዘልቃል፤ ወጣቶች የትዳር ጓደኛ የሚተጫጩበት ቀን መሆኑም ከጥንት የታወቀ ነው። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በዓሉን ያቀፈችው ጥንታዊቷ የጀጎል ከተማ ራሷ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ በዓሉ ታሪክ ብዙ ተብሏልና በዚህ ወር ልናወጋችሁ የፈለግነው ከበዓሉ ዳር ስለሚቀመጡት የእጅ ሙያተኞች ነው። በእንዲህ ያለው ሰሞን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፌቱ ይደረደራል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩና ቢጫው ዓይን ይስባል። እንግዳው ይመጣል፣ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ «ማሻአላህ!» ይላል፣ ያልፋል። ማሻአላህ ማለት ደግ ነው። ይሁን እንጂ ስፌት በማየት አይለመድም፤ እጅ የሚማረው ራሱ ሲሠራ ነውና።

የቀድሞዎቹ የሐረሪ ሴቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልጃገረዶች ሞይ ጋር፣ ማለትም የሥራ ቤት፣ በሚሉት ስብስብ አንድ ላይ ተቀምጠው እያወጉና እያንጎራጎሩ ይሰፉ ነበር። ማንም ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላስተማራቸውም። ትንሿ ከትልቋ ጎን ትቀመጣለች፣ የእጇን አካሄድ ትከተላለች፣ ስታበላሽ ትፈታለች። ሙሽራ ስትዳር ይዛው የምትሄደው፣ የሐረሪን ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሚያስጌጠው ስፌት የወጣው ከዚያ ዓይነቱ መቀመጫ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ገበታ ላይ ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ከእናትዋ ጎን የምትቀመጥበት ሰዓት የሌላት ልጅ ወስፌ የምትጨብጠው መቼ ነው? ምናልባት በበዓል ቀን ብቻ ይሆናል። ስለዚህም የበዓሉ ማሳያ መደርደሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እንሻለን።

በአንድ የበዓል ሰሞን በግንቡ ውስጥ ካለ ግቢ ገብተን ያየነው ነገር ሐሳባችንን የበለጠ ያስረዳልናል። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በአጠገባቸው ውኃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህንና እርጥብ ጨርቅ፣ በጭናቸው ላይ ቀለም የተነከረ አለላ አለ። እፍኝ የማይሞላ የሣር ጥቅል ይዘው መሃሉን እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አዞሩት፤ በወስፌ ወጉት፤ በቀዳዳው ስንጥቁን ሣር አሾልከው ጠበቅ አደረጉት። ሌላ ስፌት፣ ሌላ ስፌት። ሐረጉ የሚወጣው በቆጠራ ነው፤ አንዲት ስፌት ከተዘለለች ስህተቱ እስከ ዳር ድረስ ይከተላል።

ከልጆቹ መካከል ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ተጠግታ ቁጭ አለች። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ጅምሩን ሰጧት። ልጅቷ ሳበች፤ ሣሩ ተበጠሰ።

«አትቸኩዪ ልጄ፤ ሣር ሲደርቅ ይሰበራል፣ ሲረጥብ ይታዘዛል» አሏት።

የልጅቷ እናት ግን አፍራ ጅምሩን ከእጇ ልትነጥቅ እጇን ዘረጋች። «እናቴ፣ ሥራዎን ታበላሽብዎታለች!»

«ተያት፣ ታበላሸው» አሉ አሮጊቷ። «እኔም የለመድኩት ያበላሸሁትን እናቴ ስታስፈታኝ ነው።»

እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ሁሉም ማሳያ ላይ አናገኘውም። ብዙውን ጊዜ ልጁ ሲሳሳት ወላጅ ጣልቃ ይገባና ሥራውን ጨርሶለት «ልጄ የሠራው» እያለ ያሳያል። ቆንጆ ይሆናል፤ ልጁ ግን ምንም አልሠራም።

ሌላው ለልጆች የሚመች ሙያ የመቃ ብዕር አወጣጥና ጽሕፈት ነው። ሐረር በእጅ በተጻፉ ቁርኣኖችና ኪታቦች የታወቀች ከተማ ናት። በራስ መኮንን ቤት ሙዚየማቸውን የከፈቱት አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍም እነዚህን መጻሕፍት ከመሰብሰብ አልፈው የተጎዱትን ጠግኖ በጥንቱ ስልት መጠረዝ ዛሬም እንደሚቻል በተግባር አሳይተዋል። ለልጆች ከጥረዛው ይልቅ ብዕሩ ይቀላል። መቃው በስለት ሰያፍ ይቆረጣል፤ ጫፉ ቀለም እንዲያወርድ መሃል ለመሃል በስሱ ይሰነጠቃል። ጥቀርሻና ሙጫ በውኃ ሲቀላቀሉ ቀለም ይሆናሉ። (ዐረቦች «ቀለም» የሚሉት ብዕሩን ነው፤ እኛ ደግሞ በዚሁ ቃል የምንጠራው ማስነከሪያውን ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ መሳቃቸው አይቀርም።) ከዚያ በእንጨት ለውህ ላይ አንድ «አሊፍ» ማስጻፍ ነው። የብዕሩ ሰያፍ ጫፍ አያያዙ ከተዛባ መስመሩ ወዲያው ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፤ ልጁ ያለ መምህር ቁጣ ስህተቱን ራሱ ያየዋል። የተጻፈው በውኃ ስለሚታጠብ ደግሞ ለመድገም አይፈራም።

አዘጋጆችን በተመለከተ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ቀኑን ሙሉ ሲያሳይ የዋለ ሙያተኛ ያን ቀን አይሸጥም። አንድ ትልቅ ስፌት ሳምንታትን አልፎም ወራትን የሚወስድ ሥራ ነው። እጃቸው ለሕፃናት ሲያስረዳ የዋለችን እናት በምስጋናና በሻይ ብቻ መሸኘት በእኛ አስተያየት ፍትሕ አይደለም። የቀን አበላቸው አስቀድሞ ይቆረጥላቸው፤ ሣሩና ቀለሙም በአዘጋጁ ወጪ ይገዛ። ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ገንዘብ ከተገኘ ለዚህም አይጠፋም።

በየሰፈራችሁ ለዒድ ወይም ለመድረሳ በዓል እንዲህ ያለ ጥግ ለማዘጋጀት ለምታስቡ እህቶችና ወንድሞች ከታዘብነው ጥቂቱን እንንገራችሁ። ለአንድ ሙያተኛ አራት ወይም አምስት ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተራ ይያዝ። ወስፌ ስለት ነውና ሕፃናት ያለ አዋቂ አይያዙት፤ ለእነሱ ሣር ማርጠብና በየቀለሙ መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የስፌት መነሻው መሃሉ ከሁሉም ይከብዳልና ሙያተኛዋ ጥቂት ዙር ሰፍተው ጅምሩን ቢያዘጋጁ ልጆቹ ተስፋ አይቆርጡም። ጅምሩንም ልጁ ወደ ቤቱ ይዞት ይሂድ፤ ከጅምሩ ጋር አንድ እፍኝ ሣር ይታሰርለት፤ እናትየዋም ከመቀጠሉ በፊት በውኃ ማርጠብ እንዳለበት ይነገራት።