ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ይዋኝበታል?

ባለፈው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሐዋሳ ሐይቅ ዋኝቶ መምጣቱን በደስታ ሲያወራልኝ «ቢልሃርዚያስ?» አልኩት። «ኧረ አንድ ጉንጭም አልጠጣሁ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሱ ዕድሜ የማስበው እንደዚያው ነበር።

ውድ ወጣቶች፣ በሽታው የሚገባው በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው! የታመመ ሰው ሐይቅ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ነፍስ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያም በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣና በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳችንን በስቶ ይገባል። ቁስል እንኳ አያስፈልገውም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ቄጠማ ያለበትን የረጋ ዳር ነው፤ እኛ ልብሳችንን አውልቀን የምንገባበትን ማለት ነው።

መልክ ያታልላል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ሲያዩት ደስ አይልም፤ ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ሲባል የኖረው እሱ ነው። ሐዋሳና ዝዋይ ላይ በሽታው መኖሩ በምርመራ ታውቋል። አባያና ጫሞማ አዞ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. አባያ ሐይቅ ላይ ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ተገድለዋል።

ዋኝታችሁ ከሆነ አትደንግጡ። ሁለት ወር ገደማ ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሰገራ አስመርምሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለው። ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ «ሐይቅ ዋኝቻለሁ» በሉት። ያ ተማሪም ሊመረመር ነው፤ አብረውት የዋኙትን ሦስት ጓደኞቹን ጎትቶ እንደሚያመጣ ቃል ገብቶልኛል።