ለቅጠሉ የተወደደው የጃፓን ኦርኪድ

ፉራን አበባው ነጭ፣ መዓዛው ጣፋጭ ነው። ጃፓናውያን ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲንከባከቡት የኖሩት ከአበባው ይልቅ ለቅጠሉ ብለው ነው።

ተክሉ ከስንዝር ብዙም አያልፍም። በጃፓን፣ በኮሪያና በቻይና ደኖች ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላል፤ ሥሩን ቅርፊቱ ላይ ይለጥፋል እንጂ የዛፉን ምግብ አይሻማም፤ ውሃውን ከዝናብና ከጉም ያገኛል። የስሙ ትርጉምም «የነፋስ ኦርኪድ» ነው። አበባው በክረምቱ መግቢያ ይፈካል፤ ሲመሽ መዓዛው ይበረታል፤ ከአበባው ጀርባ በተንጠለጠለው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለውን ማር ምላሰ ረጃጅም የእሳት እራቶች ይቀስሙታል።

በኤዶ ዘመን፣ ከ1787 እስከ 1837 እ.ኤ.አ. የገዛው 11ኛው ሾገን (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) ቶኩጋዋ ኢየናሪ ይህን ተክል አብዝቶ ይወድ እንደነበር ይነገራል። መሳፍንቱም እሱን ለማስደሰት ያልታየ ዓይነት ይፈልጉ ነበር። ቅጠሉ ነጭ ወይም ቢጫ መስመር ያለው፣ ወይም ቅርጹ የተለየ ከተገኘ «ፉኪራን» ተባለ፤ የሀብትና የክብር ኦርኪድ ማለት ነው። ተክሉ በወርቅ መረብ ይሸፈን፣ ተመልካቹም ትንፋሹ እንዳይነካው አፉን በወረቀት ይከልል ነበር ይባላል።

አተካከሉም የጫካ ኑሮውን ያስታውሳል። ስፋግነም የሚባለውን፣ እንደ ሰፍነግ ውሃ የሚይዝ የረግረግ ተክል ውስጡ ባዶ በሆነ ጉብታ መልክ ያበጁና ሥሮቹን ላዩ ላይ ያለብሱታል። አየር ከታችም ከላይም ያገኛል። አፈር ውስጥ ቢቀበር ግን ሥሩ ይበሰብሳል።

ሥልጣን ከሾገኑ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሰበት ከ1868 የሜጂ ለውጥ በኋላ የሳሙራይ ጦረኞች ሥርዓት ሲፈርስ ተክሉ በተራው ሰው እጅ ገባ። ዛሬ የጃፓን ፉኪራን ማኅበር የተመዘገቡትን ዓይነቶች በሱሞ ታጋዮች የደረጃ ሰንጠረዥ አምሳል ያወጣል። ዳኞች የቅጠሉን መስመር፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ ቅርጽ፣ የሥሩን ጫፍ ቀለም ሳይቀር ይመረምራሉ፤ ቀይ የሥር ጫፍ ዋጋ አለው። «ሴይካይ» የተባለው ዓይነት የሚታወቀው ወደ ታች በታጠፉ አጫጭር ቅጠሎቹ ነው።

ፉራንን ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ሐኪም ካርል ፒተር ቱንበርግ ነው፤ በ1784 «ፋልካታ»፣ ማጭድ መሳይ፣ አለው። በ2012 ቫንዳ ከተባለው ወገን ተመደበ። ከዘመዶቹ ጋር ተዳቅሎም ትንንሽ፣ ባለቀለም ኦርኪዶችን አስገኝቷል።

የሚያሳዝነው በጫካው የደረሰበት ነው። ሰብሳቢዎች ስላራቆቱትና ደኑ ስለተመነጠረ በጃፓን ለመጥፋት ከተጋለጡት ተክሎች መካከል ተመዝግቧል። አሁን ዘሩን ላቦራቶሪ ውስጥ በጠርሙስ ማብቀል ስለሚቻል፣ ተራውን ፉራን ከዛፍ ነቅሎ የሚሸጥ ሰው ምክንያት የለውም። ባለመስመሩ ግን ከዘር ሲበቅል መልኩን በእርግጠኝነት አይጠብቅም፤ አሳዳጊው ከእናቲቱ ሥር አዲስ ቡቃያ እስኪወጣና ሥር እስኪያበጅ ጠብቆ ይከፍለዋል።